ውሃው የት ገባ

መጀመሪያ ያየነው ነገር የሚያስፈራ አልነበረም፤ እንዲያውም ደስ ብሎን ነበር። ደብረ ታቦር ሐምሌ ሲገባ ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ዝናብ ለማንም አይራራም። የእኛ ሰፈር ደግሞ ተዳፋት ላይ ነው የተቀመጠው። ከላይኛው መንገድ የሚወርደው ጎርፍ በየግቢው እየገባ ዶሮ ሲወስድብን፣ የጭቃ ግድግዳ ሲንድብን፣ ቀበሌ እየሄድን አቤት ስንል ስንት ዓመት ኖርን። በመጨረሻ በላይኛው መንገድ ዳር የድንጋይ ቦይ ተሠራልን። ሰኔ ላይ አለቀ። ሐምሌ መጀመሪያ አንድ ቀን ሰማዩ የተቀደደ እስኪመስል ዘነበና ጃንጥላ ጃንጥላችንን ይዘን ቦያችንን ልናይ ወጣን። ከላይ በኩል እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ እየተገማሸረ ይወርዳል። ታች ጫፉ ጋ ግን የሚፈስ ውሃ የለም። ድንጋዩን ዝናቡ አርጥቦታል እንጂ ጎርፉ አልደረሰበትም።

«አይ ቦይ! መጠጠው እኮ!» ተባባልን፤ ተሳሳቅን፤ ወደየቤታችን ገባን። እኔ እንግዲህ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስለ ውሃ ስለፈልፍ የኖርኩ ሰው፣ ያ ሁሉ ጎርፍ መሃል መንገድ ላይ የት ገባ ብዬ አልጠየቅኩም። ግቢያችን ካልገባ ምን ቸገረኝ! እውነቱን ልናገር፣ ያን ዕለት ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

የጠየቁት እትዬ ናቸው። እትዬ ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ፣ ልጃቸውም አግብታ ወደ ሐሙሲት ከሄደች በኋላ ብቻቸውን የቀሩ ሴት። ቤታቸው ከእኛ ግቢ በላይ በኩል፣ ከላይኛው መንገድ ጋር ይዋሰናል። ቦታው ድሮ የእኛ ነበር። ባልና ሚስቱ ገና ወጣቶች ሳሉ አባቴ ከግቢያችን ቆርሰው ሰጧቸው፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈው። በመካከላችን ያለው አጥር እንደ አጥር አይቆጠርም፤ ሽንኩርት ሲያልቅብኝ እጄን አሳልፌ ከጓሯቸው እነቅላለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ቀበሌ መጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቀበሌው ለቃለ ጉባኤ ይጠራኛል። ጽሕፈቴ ያምራል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ሌላ እምቢ የማይል ሰው አጥተው ነው እላለሁ። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ተማሪዬ ነበር። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ልጅ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ስብሰባ ላይ ዓይኑ ይከደናል፤ ግን ክፉ ልጅ አይደለም።

«ምን ልታዘዝ፣ እናቴ?» አላቸው።

እትዬ ወንበሩ ላይ በደንብ ሳይቀመጡ፣ «ቤቴ ይተነፍሳል» አሉ።

«ምን?»

«ዝናብ ሲጥል ከአልጋዬ ሥር አንድ ነገር ይጉረመረማል። ባዶ ጋን ውስጥ ውሃ ሲገለበጥ እንደሚለው ነው። ከዚያ ዝናቡ ሲያባራ ይተነፍሳል። ቀዝቃዛ ነው ትንፋሹ።»

ሥራ አስኪያጁ እኔን አየኝ። እኔ እትዬን አየሁ። ሲቀልዱ የማላውቃቸው ሴትዮ ናቸው። እጃቸው ነጠላቸውን ጭብጥ አድርጎ ይዟል።

«በጽሑፍ ይቅረብ» አለ ልጁ፤ ሌላ ምን ይበል? ጻፍኩላቸው። ጽፌ ስሰጠው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ይሄን በምን ዘርፍ ነው የማስገባው? መንገድ አለ፣ መብራት አለ፣ ፍሳሽ አለ፣ ጸጥታ አለ። መተንፈስ የሚል የለኝም» አለኝ። ፍሳሽ ውስጥ አስገባነው። ትንሽ ሳቅን። የሳቅነው ሳቅ አሁን ሲታወሰኝ አፌን ይመረኛል።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሥራ አስኪያጁ፣ ሁለት የኮሚቴ ሰዎችና እኔ ለማጣራት ሄድን። ጠዋት ነበር፤ ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች፤ የጉና ተራራ እንኳ ጉሙን ገፍፎ ከነራሱ ይታያል። እንደዚያ ባለ ቀን ምን ሊሰማ ነው? ሰዎቹ መሬቱን በእግራቸው ደበደቡት። «ጠንካራ ነው» አለ አንዱ። ሌላው ግድግዳውን መታ መታ አደረገና እርሱም «ጠንካራ ነው» አለ። እትዬ በር ላይ ቆመው ያዩናል። እኔ ከአልጋው ሥር ስንጥቅ ካለ ልይ ብዬ ተንበረከክኩና ጎንበስ አልኩ።

ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ዳሰሰኝ። ከአየሩ ጋር ሽታ መጣ። ጎምዘዝ ያለ፣ ታፍኖ የቆየ የገብስ ሽታ። ሽታውን አውቀዋለሁ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያኔ እትዬ ገና አልመጡም፤ ቤታቸው ባለበት ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ወይራ ነበር። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሳይኖር አባቴ እጄን ይዘው ወይራው ሥር ወሰዱኝ፤ አፈሩን ጠረጉ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሱ። ከሥሩ ጉድጓድ ነበር፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ውስጡ በእበት የተለቀለቀ። የእህል ማስቀመጫ ነው። በገመድ ያሰሩትን የሚነድ ጧፍ ቀስ እያደረጉ አወረዱት። መሃል ሲደርስ ጭልም ብሎ ጠፋ። «አየሽ? አየሩ ሳይወጣለት የገባ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው» አሉኝ። ቆየን። ሁለተኛ ሲያወርዱት አልጠፋም። ወርደው ገብስ በአቁማዳ ይዘው ወጡ። ድንጋዩን መልሰው፣ አፈሩን አልብሰው ሲያበቁ እጄን ወይራው ግንድ ላይ አስደገፉኝ።

«ጉድጓድ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«አላየሁም በይ።»

«አላየሁም።»

«እናትሽ ብትጠይቅሽስ?»

«አላየሁም።»

«ወንድሞችሽ ቢጠይቁሽስ?»

«አላየሁም።» ወንድሞቼን እንደዚሁ አስምለዋቸው እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። ተጠያይቀን አናውቅም።

ይህ ሁሉ ከእትዬ አልጋ ሥር ተንበርክኬ ሳለሁ መጣብኝ። ከላይ ሥራ አስኪያጁ፣ «ቲቸር፣ የሚታይ ነገር አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት? የሰባት ዓመቷ ልጅ ናት ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጉልበቴን አራግፌ የተነሣሁት እኔ ነኝ፤ «በቦታው ተገኝተን አጣርተናል፤ የታየ ችግር የለም» ብዬ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ የራሱን መልስ መስጠት ጀመረ። ቀበሌ አይቶ የለም ካለ፣ የሚሰማው ነገር ሌላ ነው ማለት ነው። «ቤቱን ጋኔን ለመደው» አሉ። የንስሐ አባታቸው መጥተው ጠበል ረጩ። በማግስቱ ዘነበ፤ እትዬ እንዳሉት ጠበሉን የጠጣ ይመስል ባሰበት። ዘወትር በራቸውን ሳይረግጡ የማይውሉ ሴቶች በዚያ በኩል ማለፍ ተዉ። እትዬ የላኩላቸውን ሰሃን እንኳ በአጥር ላይ ነው የሚቀበሏቸው። ከሁሉ የከፋኝ ይህ ነው፤ ሴትዮዋ በዚያ ጉም ውስጥ፣ እግር በራቀው ቤት፣ ከሥራቸው ከሚተነፍሰው ነገር ጋር ብቻቸውን ቀሩ።

ሥራ አስኪያጁን ላማው አልችልም፤ እርሱ አልተወውም። ከማዘጋጃ ቤት አንድ ወጣት መሐንዲስ አስመጣ። ልጁ የሌላ አገር ሰው ነው፤ ከሩቅ ክልል ነው የተመደበው። ዝናብ ሲጥል ቦዩን ከላይ እስከ ታች በእግሩ ሄደበት። በእትዬ አጥር ትይዩ ሲደርስ ውሃው ከድንጋዮቹ መሃል ቁልቁል ሲሰርግ አየ። ከዚያ ስብሰባ ይጠራልኝ አለ። አዳራሹ ሞላ፤ አባቴም ዘንጋቸውን ይዘው ከፊት ተቀመጡ። መሐንዲሱ ተነሥቶ፣ ማንም የአገሬው ሰው የማይጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀ።

«በዚህ አካባቢ ድሮ የእህል ጉድጓድ ነበር? በየግቢያችሁ ያለ ካለ ንገሩን። ውሃው ወደ አንድ ባዶ ቦታ እየገባ ነው።»

ሳል እንኳ ጠፋ። ያ ሁሉ ሰው ፊቱ አንድ ሆነ፤ ሰማንያ የደፈነውም፣ ገና ሚስት ያገባውም፣ ሁሉም ከንፈሩን በአንድ ዓይነት ገጠመ።

«የለም» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«የለም» አሉ ቀጥለው ያሉት።

«እኛ ጎተራ እንጂ ጉድጓድ አናውቅም» አሉ አባቴ። መሐንዲሱ ወደ እትዬ ዞረ። «እርስዎስ፣ እናቴ? ቤት ሲሠሩ ምንም አላገኛችሁም?»

እትዬ መሬት መሬት እያዩ፣ «የለም» አሉ።

«ነዋሪዎቹ በሙሉ ጉድጓድ እንደሌለ አረጋግጠዋል» ብዬ ጻፍኩ። የሚፈርመው ፈረመ፣ አሻራውን የሚያሳርፈው አሳረፈ። አባቴ አውራ ጣታቸውን ቀለም ላይ ሲጭኑ ዓይናቸውን ፈለግኩ። አላዩኝም።

ቤት ስንገባ አልቻልኩም። «አባባ፣ ጉድጓዱ እኮ አለ! እኔና እርስዎ እናውቃለን! ሴትዮዋ ተኝተውበታል!» አልኩ።

አባቴ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። «ቤቱን ሲሠሩ ለባልዮው ወደ አጥሩ ጠጋ አድርገው ብዬዋለሁ። ሦስቴ። ስስት መስሎት እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ ምክንያቱን አይነግሩትም ነበር?»

«ምክንያቱ አይነገርም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ ሰው ነበር፣ ጎረቤታችን። ያኔ፣ እኔ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ እህል በግድ ሊጭኑ ከመጡት ሰዎች ጋር ቆሞ የሌላውን ሰው ጉድጓድ በጣቱ አሳየ። ምንም አላለም፤ በጣቱ ብቻ ነው። እህሉን ጠርገው ጭነው ሄዱ። የዚያ ቤት ልጆች በዚያ ክረምት ምን በሉ መሰለሽ?»

«ምን በሉ?»

«አልበሉም።»

በማግስቱ ጠዋት እንደ እብድ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁን ለብቻው ጠርቼ ነገርኩት፤ አላየሁም ብዬ የማልኩትን አፈረስኩ። ልጁ ክው አለ። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ በራሴ ጽሕፈት የተጻፈውን ፊቴ አደረገልኝ።

«ቲቸር፣ ሁሉም የለም ብሎ ፈርሟል። እርስዎም ፈርመዋል። ይህን ይዤ በየትኛው ወረቀት ነው ቤት የማስቆፍረው? አባትዎ ቀርበው አለ ይበሉ፤ ወይም የቤቱ ባለቤት ያመልክቱ።»

«ሰው እስኪሞት ትጠብቃለህ?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ የለም ያሉኝ? ያን ዕለት፣ ከአልጋው ሥር?»

ተማሪዬ አሸነፈኝ። ከዚያ በቀጥታ እትዬ ቤት ገባሁ። ከሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ደመናው ከጉና በኩል እየጠቆረ ነው። እትዬ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እጃቸው ላይ ተደፋሁ።

«እትዬ፣ ይነሡ። ከአልጋዎ ሥር የእኛ ጉድጓድ አለ። አባቴ ደብቀው ነው፣ እኔም ደብቄ ነው። ዛሬውኑ ወደ እኛ ይምጡ።»

ምስሩን መልቀም አላቋረጡም። «አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ።

«ምን?»

«መሠረት ስንቆፍር ድንጋዩን አገኘነው። ባለቤቴ ሊያነሣው ሲል ተው አልኩት። ቦታ ቆርሶ የሰጠን ሰው ጉድጓድ ነው፤ ውስጡ እህል ይኑር አይኑር እኛ ምን አገባን? አፈር መለስንበትና ቤታችንን ሠራን።»

«ታዲያ ትናንት ሲጠይቁዎ ለምን የለም አሉ?»

ቀና ብለው በግርምት አዩኝ። «የሰው ጉድጓድ እኮ ነው! እንዴት ብዬ እናገራለሁ? ቀበሌ የሄድኩት እነርሱ ራሳቸው ያገኙት እንደሆን ብዬ ነው።»

በስመ አብ! ሠላሳ ዓመት አንዳቸው የሌላውን ምስጢር ሲጠብቁ ኖረዋል። አባቴ እትዬ እንዳያውቁ ይፈራሉ፤ እትዬ አባቴ ካልተናገሩ አልናገርም ብለው በሚተነፍስ መሬት ላይ ይተኛሉ። ወደ ቤት ተመለስኩና ለአባቴ የሰማሁትን ነገርኳቸው።

«ታውቃለች?» አሉ።

«ያውቃሉ። ለእርስዎ ብለው ነው ዝም ያሉት።»

አባቴ ዘንጋቸውን ፈልገው ተነሡ። ሰማንያውን አልፈዋል፤ የቀበሌውን አዳጋች ዳገት ያለ ሰው ድጋፍ ወጡት። ቀበሌው በረንዳ ላይ ሰው ተሰልፏል። ማንንም ሳያስፈቅዱ መሃል ገብተው ቆሙና ጮክ ብለው፣ «አለ!» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ብድግ አለ። «ምን አለ፣ አባቴ?»

«ጉድጓድ አለ። የእኔ ነው። ከእህቴ ቤት ሥር ነው።»

ያን ዕለት ማምሻውን ተሰልፈው ከነበሩት አንዱ ሽማግሌ ጎኔን ነካ አድርገው፣ «እኔም ጋ አንድ አለ፤ ጻፊልኝ» አሉኝ፤ ቀስ ብለው፣ ኃጢአት እንደሚናዘዝ ሰው። በማግስቱ ሌላ መጣ። ከዚያ ሌላ። ዝርዝሩ እየረዘመ ሲሄድ ብዕሬን ይዤ ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሬ ስሄድ አረማመዴ ተለወጠ። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ለልደት ድንኳን የምንተክልበት፣ ሬሳ ይዘን የምንቆምበት መሬት ሥሩ ሆድ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሁሉም የራሱን ብቻ።

እትዬን አባቴ በተናገሩበት በዚያው ዕለት አወጣናቸው። አልጋቸውን ተሸክመን፣ ሣጥናቸውን ተሸክመን እኛ ቤት አስገባን። የልጅነት ክፍሌን ሰጠኋቸው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ዝናቡ ሲያይል ከላይ በኩል አንድ ድምፅ ሰማን። ትልቅ አልነበረም። ሰው ተቀምጦ ሲነሣ እፎይ እንደሚለው ዓይነት ነው። ሮጠን ስንወጣ የእትዬ ቤት ጣራ አለ፣ ግድግዳው አለ፣ ወለሉ ግን የለም። አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ ጥቁር ውሃ ይሽከረከራል፤ ጠፍጣፋው ድንጋይ በአንድ ጎኑ ቆሟል። እትዬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው አዩና ተመለሱ።

ቀበሌው ሠራ፤ ያንን አልክድም። የሰፈሩ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ጉድጓዱን ደፈነ፤ ቦዩ ከላይኛው መንገድ ተነሥቶ በእኛ ቤት ጀርባ በሚያልፈው በታችኛው መንገድ በኩል እንዲዞር ተወሰነ። ከመወሰኑ በፊት መሐንዲሱ ዝርዝሩን ይዞ ቤታችን መጣ። «በእናንተ ግቢ አንድ ይላል። ሌላስ የለም?»

«የለም» አሉ አባቴ።

ጻፍኩ። «አንድ።» አሻራቸውን አሳረፉ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ነዋሪዎች ላቀረቡት አቤቱታ ፈጣን ምላሽ ተሰጥቷል» የሚል ተለጠፈ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

አዲስ ዓመት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ከገበያ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና በታችኛው መንገድ በኩል መጣሁ። በችኮላ ተሠርቶ ያለቀው አዲሱ ቦይ ሞልቶ ይገማሸራል። ደስ ብሎኝ አብሬው ቁልቁል ሄድኩ። የቤታችንን ጀርባ እንዳለፍኩ እግሬ በራሱ ቆመ። ከዚያ በታች ቦዩ ባዶ ነው። ድንጋዩን ዝናቡ አርጥቦታል እንጂ የሚፈስበት ነገር የለም።

ዘንቢሌን ጥዬ ሮጥኩ። የልጅነት ክፍሌን በር በርግጄ ስገባ እትዬ አልጋው ላይ እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል፤ አባቴ ከመደቡ ላይ ዘንጋቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመዋል። ሁለቱም ያዳምጣሉ።

«ልጄ፣ እዚህም ይተነፍሳል» አሉ እትዬ።

ያ ጎምዘዝ ያለ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። «አባባ፣ የት ነው?» አልኩ።

«የቱ?»

«ሌላው!»

«ሌላ የለም ብዬሻለሁ።»

ጮህኩባቸው። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። «ለምን? ለምንድነው የሚደብቁት? ገበያ አለ፣ ወፍጮ ቤት አለ፣ ማን ነው ዛሬ ጉድጓድ የሚፈልገው?»

«ባለፈው መንገዱ ተዘግቶ እህል የጠፋ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ሳምንት፣ ምን አልሽኝ?» አሉ ቀስ ብለው። ምን ብዬ እንደነበር አስታወስኩ። ምን ልንበላ ነው ነበር ያልኳቸው። «አንዱን ሰጠኋቸው። አንዱ ለእናንተ ይቅር ብዬ ነው፣ ልጄ።»

እትዬ ከአልጋው ወረዱና መጥተው አባቴ ፊት ቆሙ።

«ጋሼ፣ ያኛውን ሠላሳ ዓመት ደብቄልዎታለሁ። ይህንን ግን አልችልም። እንቅልፍ አማረኝ።»

አባቴ ቀና ብለው አዩዋቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ዘንጋቸውን አነሡና፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በተኛሁበት ክፍል፣ እትዬ እስከዚያች ሰዓት በተቀመጡበት አልጋ እግር አጠገብ መሬቱን መቱት። ድምፁ ባዶ ነበር።

ሁለቱንም በግራ በቀኝ ደግፌ በዝናቡ ውስጥ ወደ ማድ ቤቱ አሻገርኳቸው። ደብተሩንና የአሻራውን ቀለም አመጣሁና ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

«ስንት ብለሽ ጻፍሽ?» አሉ አባቴ።

«ሁለት።»

«ባዶ ነው ብለሽ ጨምሪበት። እህል አለ ብለው እንዳይመጡ።»

ጨመርኩበት። እጃቸውን ይዤ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። እጃቸው ቀዝቅዟል።

«ባዶ ነው አይደል፣ አባባ?» አልኳቸው፣ ቀለሙን በነጠላዬ ጫፍ ከጣታቸው እየጠረግኩ።

«አላየሁም» አሉ።